መታሰቢያ በእንቅልፏ የምታየው

አስካለ ከዚያ ቀን በኋላ ልጇን ማስተኛት ፈራች።

ባሏን ሓዱሽን የወሰዱት በጠራራ ፀሐይ ነበር። ቀይ ሽብር ወልድያን ያሸበረበት ጊዜ ነው። ሓዱሽ ከጨርቅ ሱቁ ለምሳ መጥቶ፣ የሦስት ወር ልጁ መታሰቢያ የተኛችበት መደብ ጫፍ ላይ ቁጭ እንዳለ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች በሩን በርግደው ገቡ። "ምን አጠፋሁ?" ከማለቱ አንዱ በሰደፍ አፉን መታው። ደሙ የሕፃኗ ፎጣ ላይ ተረጨ። መታሰቢያ ብንን ብላ ዓይኗን አፈጠጠች፤ ግን አላለቀሰችም። አባቷን እየጎተቱ ሲያወጡትም ዝም ብላ ታይ ነበር።

ልቅሶው የመጣው በማግስቱ፣ በእንቅልፏ ነው። ጡት ጠብታ ሸለብ ሲያደርጋት ፊቷ ይጨማደዳል፣ ጡጫዋን ትጨብጣለች፣ ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ ትጮሃለች።

"ሲመቱት እያየች ነው" አለች አስካለ፣ ለሓዱሽ እናት ለእማማ ኣልጋነሽ።

"ሕፃን ምን ሕልም አለው ልጄ? ማርያም ናት በእንቅልፏ የምታጫውታት።"

"ማርያም ብታጫውታት ትስቅ አልነበር? እርስዎ ይሄን ጩኸት ጨዋታ ይሉታል?"



አስካለ ልጇን ከእንቅልፍ ትከላከልላት ጀመር። ዓይኗ ክድን ክድን ሲል ጉንጯን መታ መታ ታደርጋለች፤ ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች። ለሓዱሽ ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤት ስትሄድም በጀርባዋ አዝላት፣ እንቅልፍ እንዳይወስዳት እግሯን እየቆነጠጠች ነበር።

ልጅቷ ከሳች። ጡት ሲሰጣት አፏን መክፈት አቃታት። አስካለ አንድ ጠዋት ስንቁን እንዳንጠለጠለች ክሊኒክ ወሰደቻት። ድሬሰሩ ጀብሪል አገላብጦ አያት።

"ሌላ ሕመም የለባትም፤ እንቅልፍ ነው ያጣችው። ለምን አታስተኚያትም?"

"ትቃዣለች። የአባቷን ደም ታያለች።"

ጀብሪል ወደ በሩ ተመልክቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እህቴ፣ የሦስት ወር ልጅ ታልም አታልም፣ ወላሂ እኔ አላውቅም። አላህ ነው የሚያውቀው። ካልተኛች ግን ትሞትብሻለች።"

ከዚያ ወደ እስር ቤቱ አለፈች። ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰላት።

"ከእንግዲህ እንዳታመጪ" አላት። "ካለቀስሽ ደግሞ አንቺም ትገቢያለሽ።"

አላለቀሰችም። ምሳ ዕቃውን እንደያዘች ቤቷ ደረሰች። እማማ ኣልጋነሽ የተመለሰውን ስንቅ ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወተፉ። አናርኪስት ተብሎ ለተገደለ ማልቀስ ክልክል ነው፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደግሞ አጥር ለአጥር ነው። ድንኳን የለ፣ ሙሾ የለ፣ ደረት መምታት የለ። ሁለቱ ሴቶች እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተው ቁጭ አሉ።

መታሰቢያ በእናቷ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አስካለ አውርዳ መደቡ ላይ አስተኛቻት። ብዙም ሳይቆይ ያ ጩኸት ተነሣ። ልትቀሰቅሳት እጇን ስትዘረጋ አማቷ ያዟት።

"ተያት።"

"እማማ፣ እየተሠቃየች እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። ተያት፣ ታልቅስለት። እሷን ማን ይከለክላታል?"

መታሰቢያ እሪ አለች። አሮጊቷ ሕፃኗ ላይ ተደፍተው፣ ሓዱሽን ትንሽ ልጅ ሳለ በሚጠሩበት ትግርኛ "ወደይ፣ ወደይ"፣ ልጄ፣ ልጄ እያሉ ጠሩት። አስካለም ፊቷን መደቡ ላይ ደፍታ፣ ድምፅዋን በልጇ ድምፅ ውስጥ ደብቃ ባሏን አለቀሰች። በአጥሩ ማዶ ያለፈ ሰው የሰማው የሕፃን ልቅሶ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ልጅቷ ደክሟት ዝም አለች፤ እንቅልፏን ግን ቀጠለች። አስካለ ጎኗ ተጋድማ፣ መዳፏን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ስትጠብቅ ዋለች። ወደ ማታ መታሰቢያ ነቅታ ጡት ፈለገች።

የሓዱሽን አስከሬን የሰጣቸው የለም። ሱቁን ዘግተው መርሳ፣ የአስካለ አክስት ዘንድ ሄዱ። መታሰቢያ እዚያም ለወራት በእንቅልፏ ጮኸች። ምን እንደምታይ ማንም አላወቀላትም።