የጋሽ ጎበና ሁለት ኪሎ

ጋሽ ጎበና ከሚዛኑ ሲወርዱ ፊታቸው ፈክቶ ነበር።

«ስንት አልሽኝ፣ ሲስተር?»

«ሃምሳ አንድ ተኩል።»

«ባለፈው አርባ ዘጠኝ ተኩል ነበርኩ። ሁለት ኪሎ ጨመርኩ ማለት ነው።» አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ማጥለቅ ጀመሩ። የግራው እንቢ አለ። ማሰሪያውን ፈትተው ቢሞክሩም ተረከዛቸው ሊገባ አልቻለም።

ሲስተር ዘሊካ ይህን አየች። ጊዜው ጥቅምት 1979 ዓ.ም. ነው። በሆስፒታሉ የካንሰር ክፍል ከተመደበች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። የክፍሉ ሐኪም ዶክተር ወልደ ሐዋርያት፣ መርፌ የሚወስድ ሕመምተኛ ሁሉ በየሦስት ሳምንቱ ከመርፌው በፊት እንዲመዘን፣ ክንዱ በሜትር እንዲለካ፣ የበላው እንዲጠየቅና ደሙ እንዲታይ አዝዘዋል። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሌሎቹ ነርሶች መዝነው ብቻ ይልካሉ። ዘሊካ ግን አንዱንም አትዘልም። ቤት የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ የሚያስቸኩላት ነገር አልነበረም።

ባሏ አብደላ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ከአሰብ ጭኖ ሲመለስ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተበት የሚል ወሬ መጣ። ከወሬው በኋላ ሬሳም ሆነ ወረቀት አልመጣም። ሲግናል ሰፈር ባለችው የቀበሌ ቤታቸው ልብሱ እስካሁን እንደተሰቀለ ነው።

«እስቲ እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ» አለች። ሜትሩን በትከሻቸውና በክርናቸው መሃል ጠመጠመችው። ሃያ አንድ ሴንቲ ሜትር። ባለፈው ሃያ ሁለት ተኩል ነበር። ጎንበስ ብላ የእግራቸውን አገዳ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ጣቷ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ።

የደሙን ውጤት ከላቦራቶሪ ራሷ ሄዳ አመጣች። በቀጭን ቱቦ አንድ ሰዓት የቆመው ደማቸው መቶ አሥር ሚሊ ሜትር ዘቅጧል። ደህና በሆነ ሰው ላይ ሃያም አይሞላም። ዶክተሩ ቢሮ ስትገባ እሳቸው የመድኃኒቱን መጠን በአዲሱ ኪሎ አስልተው እየጻፉ ነበር።

«ዶክተር፣ ይሄ ኪሎ ሥጋ አይደለም። ውኃ ነው።»

ዶክተሩ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገው አዩ። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ሰውነታቸው ተቆጥቷል። ብግነቱ የራሳቸውን ሥጋ እየበላው ነው። በዚህ ላይ ይህን ያህል መድኃኒት ብሰጣቸው ኖሮ...» አልጨረሱትም። «ሦስት ሳምንት እናቆየው። እስከዚያ ይብሉ። አንቺው ንገሪያቸው።»

ጋሽ ጎበና ሲነገራቸው እግራቸውን አዩ።

«ለልጄ ደብዳቤ ላስጽፍ ነበር፤ ኪሎ ጨመርኩ ብዬ።»

ልጃቸው አስካለች አሰላ አስተማሪ ናት። እሳቸው ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ዳገት ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ።

«ትናንት ምን በሉ?» ዘሊካ ቅጹን አወጣች።

«በላሁ።»

«ምን በሉ?»

«ዳቦ በሻይ። መርፌው አፌን አቁስሎታል፤ በርበሬ አያስነካኝም። ባለቤቴ የሺመቤት ካረፈች ወዲህ ደግሞ ለራሴ ብዬ ድስት መጣድ ያስጠላኛል።»

«ከማን ጋር ነው የሚበሉት?»

«ከማንም።»

ዘሊካ እንደተነገራት ጻፈች። ማንም ጠይቋት አያውቅም እንጂ የእሷም መልስ ያው ነበር።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበረባት። አልሄደችም። ስድስት እንቁላል፣ አንድ ጠርሙስ ወተትና የአጥሚት ዱቄት በዘንቢል ይዛ ዳገቱን ወጣች። ጋሽ ጎበናን በራቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ሲያዩዋት ደንግጠው ተነሡ።

«ደሜ ላይ ሌላ ነገር አገኛችሁ?»

«የለም። አብረን ምሳ እንበላ ብዬ ነው። ሥጋ ግን አልያዝኩም።»

«እሱስ የኔን አንቺ አትበዪ፣ ያንቺን እኔ አልበላ» አሉ ፈገግ ብለው። «እንቁላል ግን የሁለታችንም ነው።»

አጥሚቱን በወተት አፈላች፤ እንቁላሉን ያለ በርበሬ አለስልሳ ጠበሰች። ጋሽ ጎበና አራት ማንኪያ ውጠው አረፉ። ዘሊካም ማንኪያዋን አስቀመጠች። እሷ ስታቆም አይተው እንደገና ጀመሩ። እንዲህ እየተጠባበቁ ሳህኑን ጨረሱት።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ መውጣት ልማዷ ሆነ። በሌላው ቀን የሚጠጡትን አጥሚት ጎረቤታቸው ኤጀታ እንዲያፈላላቸው አግባባችው። ከምሳ በኋላ ውጭ ይቀመጣሉ። ጋሽ ጎበና ገብስ ያርሱበት የነበረውን፣ አሁን ቤት የሞላበትን ቁልቁለት በጣታቸው ያሳዩዋታል። እርሻውን ከተዉ በኋላም ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ያለውን የባሕር ዛፍ ደን አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀዋል። ወሬ አያበዙም። አንድ ቀን ግን ስለ አብደላ ጠየቋት።

«ለቅሶ ተቀመጥሽ?»

«አልተቀመጥኩም። ሳላይ እንዴት ሞተ ልበል?»

«ሰው ሲጠይቅሽ ምን ትያለሽ?»

«አሁን የሚጠይቀኝ የለም።»

ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራትቶ ነበርና ጋሽ ጎበና አንሥተው መለሱላት። ዘሊካ ያን ቀን ቁልቁለቱን ስትወርድ አለቀሰች፤ በአራት ዓመት ውስጥ መንገድ ላይ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው።

ሦስት ሳምንቱ ሲሞላ ሚዛኑ አርባ ስምንት አለ። የጋሽ ጎበና ፊት ጠቆረ።

«ይኸው፣ ወረድኩ።»

«ውኃው ነው የወጣው። ክንድዎን ይመልከቱ፤ ግማሽ ሴንቲ ጨምሯል።» የደማቸውም ዝቅጠት ወደ ሰባ ወርዷል። ጫማቸው ያን ቀን ገባላቸው። ዶክተሩ መርፌውን አዘዙ።

የነቢያት ጾም ሲገባ ጋሽ ጎበና ወተትና እንቁላሉን አልነካም ብለው አስቸገሩ። ዘሊካ የንስሐ አባታቸውን እንዲጠይቁ ለመነቻቸው። ቄሱም የታመመ ሰው ጾም የለበትም ብለው አሰናበቷቸው። ጋሽ ጎበና ግን እያፈሩ፣ በሩን ዘግተው ነበር የሚበሉት። መጋቢት ላይ የመጨረሻውን መርፌ ሲወስዱ ክንዳቸው ሃያ አራት ሞላ። ወደ ሆስፒታሉ ያመጣቸው የአንገታቸው እብጠትም በእጅ ቢፈለግ አይገኝም።

ከፋሲካ በኋላ አስካለች መጣች። ረጅም፣ እንደ አባቷ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ትምህርት ቤቱ ቤት ሰጥቷት ኖሮ አባቷን ልትወስድ ነው። ዘሊካ እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኘቻቸው።

«እንግዲህ እሑድ እሑድ ምን ልታደርጊ ነው?» አሏት ጋሽ ጎበና፣ አውቶቡሱ ላይ አንድ እግራቸውን አሳርፈው።

«ስብሰባ አለብኝ።»

«ገለቶሚ፣ ልጄ» አሉ በኦሮምኛ። ምስጋናው እንደከበዳቸው ያስታውቅ ነበር። አስካለች በክንዳቸው ደግፋ አስገባቻቸው።

በቀጣዩ እሑድ ዘሊካ ከቤት አልወጣችም። ለአንድ ሰው የሚሆን ምሳ ሠርታ ግማሹን አስተረፈች። እሷ ሌሎችን የምትመዝን እንጂ ራሷ ተመዝና አታውቅም፤ ቀሚሷ ግን ወገቧ ላይ ሰፍቷት ነበር።

ረመዳን ገባ። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ዘሙሩድ መጥታ «ነይ፣ እኛ ዘንድ አፍጥሪ» አለቻት። ዘሊካ ደክሞኛል አለች። በውኃና በሦስት ቴምር አፈጠረች፤ በግድግዳው ማዶ የሳህንና የሕፃናት ድምፅ ይሰማት ነበር። በማግስቱ ዘሙሩድ አልመጣችም።

በሦስተኛው ቀን ዘሊካ ከሥራ እንደገባች ሾርባ ሠራች። አዛን ሊል ጥቂት ሲቀረው ድስቱን በጨርቅ ይዛ ወጣችና የዘሙሩድን በር በክርኗ አንኳኳች።