ከሞተሩ ኋላ የታሰረው ድንጋይ

"አሁንስ አበዙት አባ! ሞተር እኮ ነው፣ አህያ አይደለም!"

ምሥራቅ የጮኸችው አባቷ አቶ አረጋ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ ብየዳ ቤቱ ሲገቡ አይታ ነው። እሳቸው ድንጋዩን ከሞተሩ ጎን አስቀመጡና ወገባቸውን ደግፈው ቀና አሉ።

በያጁ ሸዕባን ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ሳቀ። "ወላሂ ጉድ ነው! ለላሊበላ ሰው ድንጋይ ይዘውለት መጡ?"

"ሳቅ፣ ሳቅ!" አሉት። "ግራው ጀሪካን ተሸክሞ ቀኙ ባዶ ከሆነ ልጄን ገደል ነው የሚከታት። እኔ ሰቆጣ ድረስ አህያ እየጫንኩ ያረጀሁት በሳቅ አይደለም።"

ሸዕባን ከሞተሩ መቀመጫ ኋላ የበየደው ፖርቶመጋላ የኋላ መብራቱን አልፎ ይወጣል። መሀሉ ላይ ምሥራቅ የእንስሳት ክትባት የምትይዝበት ሳጥን ይቀመጣል፤ ግራና ቀኙን ደግሞ ጀሪካን የሚይዙ ሁለት የብረት ቅርጫቶች ተንጠልጥለዋል። ሐሳቡ ሁለት ጀሪካን መጠባበቂያ ቤንዚን ለመያዝ ነበር። ነገር ግን እንኳን ሁለቱ አንዱም የተገኘው በስንት ልመና ነው። ስለዚህ የቀኙ ቅርጫት ባዶውን ቀረ፤ አረጋ ደግሞ ባዶ ጎን አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። አንዱ ጎን ሲጎድል በድንጋይ መሙላት በላስታ መንገድ ያለ ጫኝ ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ምሥራቅ ክርክሩን ተወችው። የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤቱ ሞተሩን የሰጣት ጊዜ አባቷ "ሴት ልጅ ብረት ተፈናጥጣ ገደል ለገደል!" ብለው ስንት ቀን አኩርፈዋታል። ዛሬ ግን ማንም ሳይጠራቸው፣ ገና ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ የድሮ አህዮቻቸውን የጠፍር መጫኛ ትከሻቸው ላይ ጥለው መጡ። እኚህን ሰው በምን አንጀቷ "ድንጋይዎን ይዘው ይመለሱ" ትበላቸው?

ደግሞም ጊዜ የለም። ከብልባላ በላይ፣ ጓሳ ሜዳ የምትባል መንደር ውስጥ፣ የበግ ፈንጣጣ ገብቷል። ባለፈው የሚካኤል ዕለት ክትባት ይዛ ስትወጣ ቤንዚን አለቀባትና ሞተሩን እየገፋች ደረሰች፤ ስትደርስ የሳጥኑ በረዶ ቀልጦ ክትባቱ ሞቋል። በበዓል ሞፈር ስለማይነካ አገሬው በጉን ሰብስቦ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቃት ነበር። "የሞቀ መድኃኒት አልወጋም" ብላ ባዶ እጇን ስትመለስ ያልሰደባት የለም። ዛሬ ጊዮርጊስ ነው። ትናንት ቢተው የሚባለው የመንደሩ ሰው ደውሎ ቁርጡን ነግሯታል።

"ዶክተር፣ ነገ ከቀትር በፊት ካልደረስሽ በጎቹን ብልባላ ገበያ እናወርዳቸዋለን። በቤታችን ሞተው ከምናያቸው ይሸጡ።"

በጎቹ ገበያ ከወረዱ በሽታው የላስታን መንደር ሁሉ ይዞራል። ከዚያ ወዲያ የአንዲት ምሥራቅ ክትባት ምን ያደርጋል?

አረጋ ድንጋዩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ቀኙ ቅርጫት ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ድንጋዩን፣ ሳጥኑንና ጀሪካኑን በአንድ መጫኛ እያዞሩ፣ በጉልበታቸው እየረገጡ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ሠሩበት።

"አሁን ጭነት መሰለ" አሉ እጃቸውን እያራገፉ። "በይ፣ ጊዮርጊስ ከፊት ከኋላሽ ይሁን።"

"አሜን፣ አባ።"

"እኔ ግን አንድ ነገር ልናገር" አለ ሸዕባን። "ብየዳው ከለቀቀ ድንጋዩን እንጂ እኔን እንዳትሰድቢ።"

እስከ ብልባላ ድረስ፣ ሐቁን ለመናገር፣ ሞተሩ እንደ ቅቤ ነበር። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላለም። ምሥራቅ በሆዷ አባቷን ማድነቅ ሁሉ ጀምራ ነበር። ብልባላን አልፋ ከዋናው መንገድ ስትገነጠል ግን ያ ክፉ አቀበት መጣ፤ ድንጋዩ የተላላጠ፣ አንድ ጎኑ ገደል የሆነ። ማርሽ ቀንሳ ነዳጅ ሰጠችው። ሞተሩ አጓራ፤ የኋላው ጎማ ቆንጥጦ ያዘ፤ የፊቱ ግን ቀስ እያለ ከመሬት ተነሣ። ምሥራቅ መሪው እጇ ላይ ሲቀልላት ተሰማት። ደረቷን ወደ ፊት ጣለች፤ ምንም አልፈየደም። ሞተሩ እንደ ደነገጠ ፈረስ ቆመና እሷን በጎኗ አጋድሞ አብሯት ወደቀ።

ምስጋና ለፈጣሪ፣ የወደቀችው በገደሉ ሳይሆን በተራራው ግድግዳ በኩል ነው። ጉልበቷ ተልጧል፤ ሱሪዋ ተቀዷል። ዘላ ተነሥታ መጀመሪያ ያየችው ሳጥኑን ነው። ክዳኑ አልተከፈተም። ጀሪካኑም አላፈሰሰም። ሞተሩን እንደ ምንም ታግላ አቆመችውና ዙሪያውን አየችው። ያኔ ነገሩ ገባት። ግራና ቀኙን ሚዛን ሲጠብቁ ፊትና ኋላውን የረሱት ሁሉም ናቸው፤ ፖርቶመጋላውን ያስረዘመው ሸዕባን፣ ድንጋዩን የጨመሩት አባቷ፣ ዝም ብላ ያስጫነችው እሷ። አህያ ሸክሙን በትከሻና በጀርባው ነው የሚይዘው፤ ይህ ምስኪን ሞተር ግን ሁሉንም ጭራው ላይ ተሸክሞ ነበር።

"ድንጋይ ተሸክሜ ድንጋያማ ተራራ ልወጣ!" ብላ ለራሷ ጮኸች። ሳቋ መጣ፤ ሳቋ ሳያልቅ ዕንባዋም መጣ። ፀሐዩ በርትቷል፤ በረዶው ደግሞ የሰው ሳቅና ለቅሶ አይጠብቅም።

ቋጠሮውን ለመፍታት ሞከረች። አረጋ ያሰሩት በዋዛ የሚፈታ አይደለም። ጥፍሯ ተሰበረ፤ በጥርሷ ሞከረች፤ ጠፍሩ ፍንክች አላለም። ከቦርሳዋ ምላጭ አወጣችና እጇ ጥቂት ቆመ። ይህ መጫኛ አባቷ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ነው፤ እስከ ዛሬ በምሰሶ ላይ ሰቅለው ቅባት እየቀቡ ያቆዩት።

"ይቅር ይበሉኝ፣ አባ" አለችና ቆረጠችው።

ከዚያ በኋላ አልዘገየችም። ድንጋዩን አውጥታ ከመንገዱ ዳር ጣለችው፤ የተቆረጠውን መጫኛ ግን ጠቅልላ ባዶው ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። የሞተሩ ታንከር እስኪሞላ ከጀሪካኑ ቤንዚን ገለበጠችበት፤ የቀረው ትንሽ ስለሆነ ጀሪካኑ ቀሏል። የክትባት ሳጥኑን ወደ ፊት አምጥታ ታንከሩ ላይ አስቀመጠችው፤ በነጠላዋ ከወገቧ ጋር አሰረችውና በጭኖቿ አቀፈችው። መንገዱን በሳጥኑ ላይ አንገቷን አስግጋ ነው የምታየው። የፊቱ ጎማ በዚህ ጊዜ መሬቱን አልለቀቀም። በሁለት ቦታ ሞተሩ ቢያንሸራትታትም እግሯን ተክላ፣ እየተሳደበች፣ ወጣች።

ጓሳ ሜዳ ስትደርስ የበጎቹ መንጋ እንደ ባለፈው በቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ አልነበረም። ወደ ቁልቁለቱ መንገድ ዞሯል፤ ቢተው ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ ሆነው ይነዳሉ። ምሥራቅ ሞተሩን መንገዱ መሀል አቁማ ዘጋችባቸው።

"የት ሊሄዱ ነው?"

"የት እንደምንሄድማ ነግሬሻለሁ" አለ ቢተው። ፀጉሩ የሸበተ፣ ቁጣው ግን ትኩስ የሆነ ሰው ነው። "ዛሬም ያንን የፈላ ውሃሽን ይዘሽ መጣሽ?"

"እጅዎን ያምጡ።"

"ምን?"

"እጅዎን ያምጡ አልኩ እኮ!"

ሳጥኑን ከፈተችና የሰውየውን እጅ ይዛ ወደ ውስጥ ከተተችው። ቢተው እጁን መንጭቆ አወጣ። መልሶ፣ በራሱ ፈቃድ፣ አስገባው። በበረዶው መሀል ጠርሙሶቹን ዳሰሰ፤ ጣቶቹን አወጣና ግንባሩ ላይ አደረጋቸው።

"ይቆረጥማል" አለ ወደ ጎረቤቶቹ ዞሮ። "ኧረ ይቆረጥማል ጎበዝ! መልሱ በጎቹን!"

ከዚያማ ጨዋታው ሌላ ሆነ። ሰው ሁሉ በግ ይዞ ተጋፋ። የታመሙትን ለይታ ከመንጋው አስወጣች፤ ጤነኞቹን አንድ በአንድ ወጋች። "ይቺን ደግመሽ ውጊልኝ፣ ደካማ ናት" የሚሉ ባልቴት አልጠፉም፤ በስንት ማግባባት መለሰቻቸው። ቢተው አቧራውን እያራገፈ በጎቹን በቀንዳቸው ይይዝላት ነበር። የቁጣውን ነገር አላነሳም፤ ሲጨርሱ ግን አንድ ጣሳ ጠላ በሁለት እጁ አቀረበላትና እስክትጠጣ ቆሞ ጠበቃት።

ልትመለስ ስትነሣ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው።

"ደረስሽ?"

"ደርሼ ጨረስኩ፣ አባ። የመጣው ሁሉ ተከተበ። ገበያ የሚወርድ በግ የለም።"

"ተመስገን! ተመስገን!" አረጋ በረጅሙ ተነፈሱ። "ድንጋዩስ እንዴት ነው?"

ዋሽታ ማለፍ ትችል ነበር። ተራራ ላይ ናት፤ ማን አያት?

"አቀበቱ ላይ ጣለኝ፣ ስለዚህ ጣልኩት። መጫኛውንም ቆረጥኩት።"

 

"ቆረጥሽው?"

"ቆረጥኩት። ቋጠሮዎ አልፈታ አለኝ፤ ክትባቱ ሊሞቅብኝ ነበር።"

"የእኔ ቋጠሮማ አይፈታም" አሉ፤ በድምፃቸው ውስጥ ኩራትና ኀዘን አንድ ላይ ነበሩ።  "ይሁና። ጠፍር ነው። ብቻ ስትወርጂ ኋላሽን ባዶ አድርገሽ እንዳትወርጂ። አህያም ቢሆን ሲወርድ ጭነቱን ወደ ኋላ ነው የምንስብለት።"

"እሺ አባ" አለች፤ ለመገላገል ያህል።

ቁልቁለቱ እንደተጀመረ ግን የሽማግሌው ነገር ታወቃት። ፍሬን በያዘች ቁጥር ባዶው ኋላ ጠጠሩ ላይ እየዘለለ ወደ ገደሉ ይንሸራተታል። እግሯን እየጎተተች፣ ቀስ እያለች፣ የወደቀችበት ቦታ ደረሰች። ድንጋዩ ከነማዳበሪያ ከረጢቱ መንገዱ ዳር ተጋድሟል።

ሞተሩን አቁማ ወረደች። ድንጋዩን እንደ አባቷ ደረቷ ላይ አቅፋ አነሣችው። ወደ ቀኙ ቅርጫት ግን አልወሰደችውም፤ ፖርቶመጋላው መሀል ላይ፣ በተቻለ መጠን ወደ መቀመጫዋ አስጠግታ አስተኛችው። የተቆረጠውን መጫኛ ሁለት ጫፍ አገናኘችና አጥብቃ ቋጠረችው፤ ከዚያ በጉልበቷ እየረገጠች ድንጋዩን አሰረችው። አንዴ ገፋ አድርጋ እንደማይነቃነቅ አየችና ሞተሩን አስነሣች።