ቡሽ ሰባሪው

«ክፈቷት እንጂ! ባለቤቷ ሞተ ተብሎ መሳቢያዋም አብራ ትቀበር?» አሉ ልብስ ሰፊው።

ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ወሬያቸውን ገታ አደረጉ። መሳቢያዋ የሟቹ ናት። ሟቹ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰው በር ሲከፍቱ ኖረው፣ በገዛ ቤታቸው ይቺን አንዲት መሳቢያ ሚስታቸው እንኳ እንዲነኩባቸው አይፈልጉም ነበር። የወይን ዕቃቸውን የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። ልብስ ሰፊው ደግሞ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው፤ እሁድ ከሰዓት እዚህ ቤት ወይን ሳይቀምሱ የዋሉት ታመው ሲተኙ ብቻ ነው።

«እውነቱን ነው» አሉ የሟቹ ሚስት፣ ባልቴቷ፣ ከሶፋው ጥግ። «ቁም ሳጥኑ ሥር አንድ ጠርሙስ ቀርቷል። የሱን ስም እያነሳን እንጠጣው። ደረቅ ለቅሶ መቼ ይወድ ነበር!» ከዚያ ዘወር ብለው አማቻቸውን ፈለጉት። «ና ልጄ፣ አንተ ክፈተው።»

አማቻቸው ወንበር ሊያመቻች ጎንበስ እንዳለ ቀረ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ቁልቁለት አያስፈራው፣ ጭጋግ አያስፈራው፤ ይቺን መሳቢያ ግን ይፈራታል።

ምክንያት አለው። የዛሬዋን ሚስቱን ተከትሎ መጀመሪያ እዚህ ቤት የመጣ ዕለት፣ ሰው ፊት ቀልጠፍ ያለ ለመምሰል፣ «እኔ ልክፈተው አባባ» ብሎ ጠርሙሱን ተቀበለ። መክፈቻውን አጣሞ አስገባና የተቸነከረ ሚስማር እንደሚነቅል ሰው ጎተተው። ግማሹ ቡሽ ወጣ፤ ግማሹ ተፈርፍሮ ወይኑ ውስጥ ገባ። ቁልፍ ሠሪው ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አንስተው አዩና፣ «የሚከፈት ነገር ሁሉ ሳይጎዳ ይከፈታል፤ ልጄንም እንዲህ ልትይዛት ነው?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ልጃቸውን አልከለከሉትም። ስሙ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ተለወጠ። እሁድ በመጣ ቁጥር «ቡሽ ሰባሪው መጣ!» ብለው ይቀበሉታል። ጠርሙሱን አውጥተው መጀመሪያ እሱ ፊት ያስቀምጡና ጥቂት ያዩታል። ሹፌሩ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ይወሽቃል። ያኔ ጠርሙሱን ወደ ራሳቸው ይስቡና በትንሿ ቢላ የአፉን መጠቅለያ ዙሪያውን ይቆርጣሉ፣ በነጭ ጨርቅ ይጠርጉታል፣ መክፈቻውን ቀስ እያሉ ያዞራሉ። ወይኑንም ሆደ ሰፊው የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ገልብጠው፣ «ይተንፍስ እስቲ፤ ታፍኖ ነው የኖረው» ይላሉ።

ያ ጥቂት እይታ ነበር ሹፌሩን የሚያንገበግበው። ያሾፉበት ይመስለዋል። ሁለት ልጅ ወልዶላቸው፣ ጣሪያቸውን ጠግኖላቸው፣ ሲታመሙ ተሸክሟቸው እንኳ፣ እኒህ ሰውዬ ከልባቸው ተቀብለውኛል ወይስ አልተቀበሉኝም የሚለው ነገር ከሆዱ አልወጣም። አሁን ደግሞ የሚጠየቅ ሰው የለም።

«ቀስ ብለህ፤ ጎማ አይደለም» አለችው ሚስቱ በጆሮው።

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

ጠርሙሱን ከቁም ሳጥኑ ሥር አውጥቶ መሳቢያዋን ሳባት። ቢላዋ፣ ጨርቁ፣ የጎማ መክደኛው፣ ሁሉም በየቦታው ተኝቷል። የመክፈቻው የእንጨት እጀታ ከመያዝ ብዛት ለስልሷል። እንደ እሳቸው ቆረጠ፣ እንደ እሳቸው ጠረገ፣ እንደ እሳቸው ቀስ ብሎ አዞረ። ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ቡሹ ግን ቆይቶ ደርቆ ኖሮ፣ ግማሹ ላይ ሲደርስ ቀጭ አለ።

«ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም!» አሉ ልብስ ሰፊው።

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሹፌሩ ግን ቀብሩ ላይ አላለቅስ ያለው ዓይኑ አሁን ሞላ። «ዛሬም አበላሸሁት እማማ» አለ።

ባልቴቷ ተነሥተው መጡ። እጃቸውን ወደ መሳቢያዋ ጥግ ሰደዱና በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ የሻይ ማጥለያ አወጡ። አዲስ ናት፤ ሻይ ነክቷት አያውቅም።

«የመጣህ ዕለት፣ ገና ከበር ከመውጣትህ ሄዶ የገዛት ናት» አሉ። «ሻይ ላጥልልባት ብል እጄን መታኝ። ‹ያ ልጅ ተመልሶ መምጣቱም አይቀር፣ መስበሩም አይቀር› አለኝ።»

ሹፌሩ ማጥለያዋን አገላብጦ አያት። «ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ክፈት ሳይሉኝ ቀሩ?»

«በየእሁዱ ፊትህ ያስቀምጠው አልነበር? ‹እኔ ልክፈተው› እስክትል ነበር የሚጠብቅህ። አንተ እጅህን ስትሸሽግ፣ ‹ዛሬም አፈረ› እያለ ማታ ሲያዝን ያመሻል።»

ልብስ ሰፊው አቀርቅረው መነጽራቸውን ጠረጉ። ሹፌሩ ሳቀም አለቀሰም፤ የትኛው እንደቀደመ እሱም አያውቅ። ደስ አለው፤ ደስታው ራሱ አመመው። የቀረውን ቡሽ በማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፋና ጠርሙሱን አነሣ።

ባልቴቷ ማጥለያዋን ከብርጭቆው አፍ ላይ ያዙለት። እሱ ቀዳ። አንዲት ጠብታ ሳትፈስ ለሁሉም አዳረሰ።

ማጥለያዋ ላይ የቡሽ ፍርፋሪ ቀረ። መዳፉ ላይ አራገፈው።

«ጣለው እንጂ» አለችው ሚስቱ።

አልጣለውም። በነጩ ጨርቅ ቋጠረና፣ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ፣ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ጨመረው።