የሰደፉ ብሎን

አማቷ፣ የባሏ አባት፣ የጠመንጃቸውን እንጨት በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያመጡላት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። አፈሙዙንና ቃታውን ነቅለው ቤት ቆልፈውበት እንደመጡ ሁለት ጊዜ ነገሯት። እሷ አሮጌ ዕቃ አዳሽ ናት፤ የተላጠ ወንበር፣ የተጫጫረ ቁም ሣጥን፣ የሚንገዳገድ ጠረጴዛ እጇ ከገባ አዲስ ሆኖ ይወጣል። ሰፈሩ ሁሉ «ባለ ቫርኒሿ» እያለ ሲጠራት፣ አማቷ ግን በዘጠኝ ዓመት ትዳሯ አንዲት በርጩማ እንኳ አምጥተውላት አያውቁም። ጡረታ የወጡ ዘበኛ ናቸው፤ ቃል ከአፋቸው የሚወጣው በግድ ነው። ስለዚህ እንጨቱን ስትቀበል ደስ አላት፤ ፈራችም።

«እንጨቱን ብቻ ቀቢ» አሏት። «የሰደፉን ብረት እንዳትነኪው።»

«አባባ፣ ብረቱ ካልወጣ እኮ ዳር ዳሩን ቫርኒሽ አይዘውም።»

«እንዳትነኪው አልኩሽ!» ብለው ወጡ።

እሷ ደግሞ በሥራ ቀልድ አታውቅም። ሰደፉን፣ ያን ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ወፍራም ጫፍ፣ የሸፈነው ብረት ዙሪያውን ዝጓል፤ ከሥሩ የድሮ ቫርኒሽ ጠቁሮ ተጋግሯል። እሱን ትቶ መቀባት ፊት ሳይታጠቡ ቅባት እንደመለቅለቅ ነው። «ነቅዬ፣ አጽድቼ፣ መልሼ እገጥመዋለሁ፤ በምን ያውቃሉ?» አለች ለራሷ።

ብረቱን የያዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው። የላይኛው ትንሽ አንገራግሮ ወጣ። የታችኛው ግን አሻፈረኝ አለ። ናፍጣ ጠብ አድርጋ ጠበቀችው፤ ወይ ፍንክች! ካቻቢቴ የሚገባበት ስንጥቅ ተበልቶ አልቋል፤ በቀጭን ሞረድ አዲስ አወጣችለት። በመዶሻ ቀስ እያለች ቀጠቀጠችው፤ በጄ አላለም። በመጨረሻ የሬዲዮ ጠጋኝ ካውያ ሰካችና የጋለውን ጫፍ ብሎኑ አናት ላይ ተከለችው። የዛገ ማጠፊያ ሲያስቸግራት ስንት ጊዜ በዚህ ገላግላዋለች።

ሩብ ሰዓት ያህል ካጋለችው በኋላ መዶሻውን አንስታ አንዴ ጠበቅ አድርጋ ብትመታው፣ ሰደፉ ውስጥ አንድ ነገር «ቋ» አለ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። እንጨቱ የተሰነጠቀ መሰላት። ጠፍሮ የያዘውን ሞርሳ አላልታ ዘንበል ስታደርገው ከባድ ነገር ተንከባለለ፤ ተከትሎት ሌላ፤ ከዚያም ሌላ። ክው አለች። ለካ ሰደፉ ውስጡ ጎድጓዳ ነው፤ ዕቃ ተቀምጦበታል፤ እሷ ደግሞ ክዳኑን ስታግል ቆይታለች። ጠመንጃ ሆድ ውስጥ ሦስት ሆኖ የሚንከባለል ምን ይኖራል? መልሱን በልቧ እንኳ መጥራት ፈራች። ይዛው ትቆይ? ጥላው ትሩጥ? የብረቱ ግለት ፊቷን ይገርፋታል። የካውያውን ገመድ በእግሯ ጎትታ ነቀለች። ሰደፉን ሊፈስ እንደደረሰ ውሃ ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችና የኋሊት እየተራመደች ግቢ ወጣች።

ጣቷ የስልኩን ቁጥር ሦስቴ ሳተ።

«አባባ፣ ሰደፉ ውስጥ ምን አለ?»





«ነካሽው?»

«ነካሁት። በካውያ… አግዬዋለሁ።»

ሲመልሱ ድምፃቸው የሳቸው አልነበረም። «ከቤት ውጪ። በሩ ፊት እንዳትቆሚ። መጣሁ።»

የባሰውን ያራዳት ያ ድምፅ ነው። ሲቆጡ ሰምታቸዋለች፤ ሲፈሩ ግን ሰምታቸው አታውቅም። ከአጥሩ ግንብ ጀርባ ኩርምት ብላ ተቀመጠች። አሁን ፈነዳ፣ አሁን ፈነዳ ትላለች። ጎረቤት በሩን ድርግም ቢያደርገው ጮኸች፤ መሬት ላይ ተደፋችና አፈር አፏ ገባ። ቀና ስትል ማንም የመጣ የለም።

አማቷ ሲደርሱ የሸሚዛቸው ቁልፍ ተዛንፎ፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ነበር። እጇን ይዘው አገላብጠው አዩ። ፊቷንም አዩ። ከዚያ አጠገቧ ዝርግፍ አሉ።

«ሦስት ጥይት ነው» አሉ። «ባልሽ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ከኪሴ አንዷን ሰርቆ ምድጃ ውስጥ ጨመራት። ፍንጣሪዋ ባቱን ቀደደችው።»

«እሱ እኮ ቆርቆሮ ቆርጦኝ ነው ይላል!»

«እንደዚያ በል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እናቱን ፈርቼ። የቀሩትን በጨርቅ ጠቅልዬ እዚያ ከተትኳቸው። ማንም እንዳይከፍተው የብሎኑን አናት በሞረድ የበላሁትም እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ረስቼው ነው ብል ይሻለኝ ነበር። አልረሳሁም። ቀለም ብቻ ነው፣ ምን ይሆናል አልኩ። ደግሞም አፈርኩ።»

ልትቆጣ ፈለገች፤ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ እንቢ አላት። «ሊገድሉኝ ነበር እኮ፣ አባባ» አለች። ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷ ደነገጠች።

«አዎ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ሁለት ሰዓት ያህል እዚያው ተቀመጡ። ብረቱ መቀዝቀዝ አለበት። ከዚያ እሳቸው ተነሡ፤ «እኔ ብቻዬን እገባለሁ።» ግን ተከትላቸው ገባች፤ ካቻቢቴው ብሎኑን ሁለቴ ሲስትባቸው አየች።

«ይስጡኝ። የብሎኑን ጠባይ የማውቀው እኔ ነኝ። እርስዎ እንጨቱን ይያዙልኝ።»

ትንፋሿን ውጣ ጠመዘዘችው። ግሎ የቀዘቀዘው ብሎን ሲጥ ብሎ ሩብ ዙር ዞረ። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምንም አልሆነም። ሩብ፣ እንደገና ሩብ፣ ከዚያ ብረቱ ተላቆ እጇ ላይ ወደቀ። ጨርቁ በስብሶ ዱቄት ሆኗል። ሦስቱ ጥይቶች አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል፤ ለብሎኑ የቀረበችው ጎኗ ጠቁሯል። አማቷ እሷን በሁለት ጣታቸው ሲያነሱ ላባቸው ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለ።

በጥጥ ሸፍነው በካርቶን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዷቸው። «አሥር እርምጃ ራቂ» አሏት፤ አልራቀችም። ተረኛው ፖሊስ ካርቶኑን ገልጦ ሲያይ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ፤ ብረቱን በካውያ እንዳጋለችው ሲሰማ ደግሞ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

ማታ አማቷ ለልጃቸው የባቱን ነገር ራሳቸው ነገሩት። እሱ መጀመሪያ ሳቀ። የሚስቱን ፊት ሲያይ ሳቁ ጠፋ፤ አባቱንም እስኪሄዱ ድረስ አላናገራቸውም።

እሷ የጠመንጃውን እንጨት ጨርሳ አስረከበች፤ ዳር ዳሩም ሳይቀር አብረቀረቀ። ካውያዋን ግን ለሁለት ወር አልሰካችም። አሮጌ ዕቃ ያመጣላት ሰው ሁሉ፣ የአሻንጉሊት አልጋም ይሁን፣ ከመቀበሏ በፊት ጆሮዋ ሥር ይዛ ስትነቀንቀው ያያትና ይገረማል።