የሟቹ ላሊ አትማን መምጣት

የደሴቲቱ ፖሊስ ሳጅን ቼንጎ ላሊ አትማንን በገዛ እጁ ነው የቀበረው። ላሊ ከኮኮናት ዛፍ ወድቆ የሞተ ቀን፣ በር ነቅለው ሬሳውን በላዩ አጋድመው ወደ ቤቱ ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ቼንጎ ክርስቲያን ቢሆንም የንያንጋኒ ደሴት ሰው ቀብር ላይ ሃይማኖት አይጠያየቅም፤ ሶላቱ እንዳለቀ አካፋ ተቀብሎ አብሯቸው አሸዋ መለሰ። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ስለዚህ ኢንስፔክተር ኪሉንዳ ታጣቂዎቹን አስከትሎ ከሞምባሳ በፈጣን ጀልባ ከች ብሎ፣ «ላሊ አትማን የሚባል አደገኛ አሸባሪ በዚህ ሳምንት በባሕር ወደ ቤቱ ይመጣል» ሲለው፣ ቼንጎ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ይቅርታ ጌታዬ። ሰውየው እኮ ሞቷል።»

«ማን አለ?»

«እኔ። ቀብሬዋለሁ።»

ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አውልቆ ከላይ እስከ ታች አየው። «መረጃውን የላከልን ትልቅ ወዳጅ መንግሥት ነው። ሳተላይት አላቸው። አንተ ምን አለህ?»

ቼንጎ ዞር ብሎ ፖሊስ ጣቢያውን ቃኘ። ጠረጴዛ፣ የማይሠራ ሬዲዮና ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት ነበረው።

ኢንስፔክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። የቼንጎን ቃል ለወዳጆቹ ላከላቸው። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ ሞቶ መቀበርን ማስመሰል የታወቀ ዘዴ ነው፣ መንደር ሙሉ ሰው ማታለል የቻለ ደግሞ ከተገመተው በላይ አደገኛ ነው ይላል። ላሊ ከአደገኛ ወደ እጅግ አደገኛ ከፍ አለ።

«አየህ?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ያባስከው አንተ ነህ።»

ወሬው ሙዋናሻ ጆሮ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሙዋናሻ የላሊ ሚስት የነበረች ናት፤ የሐዘን ጊዜዋን ጨርሳ የጀልባ ሞተር ጠጋኙን ኮምቦን አግብታለች። ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ጥቁር ቡይቡይዋን እንደ ሸራ እያስነፋች ጣቢያው ገባች።

«ሳጅን፣ ላሊ አለ የሚሉት እውነት ነው?»

«አንቺ ደግሞ! አልቅሰሽ የሸኘሽው ሰው አይደለም እንዴ?»

«እኔማ ከቤት ነው የሸኘሁት። መቃብሩ ጋ የነበርከው አንተ ነህ። ፊቱን አይተሃል?»

«ተገንዞ ነበር እኮ።»

«አላየህም ማለት ነው።»

«ሙዋናሻ፣ ከዛፉ ሥር ሳነሳው አንገቱ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር!»

«አታውቀውም፤ ተንኮለኛ ነበር።» ትንሽ አሰበችና ዓይኗ ጠበብ አለ። «የት አየነው አሉ?»

«ሶማሊያ ጠረፍ አካባቢ።»

«ከማን ጋር?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ሁለት ዓመት ሙሉ! አንድ መልእክት እንኳ ሳይልክ! ይምጣ ብቻ፤ ወታደሮቹ ጥይት አያባክኑም፣ እኔ እበቃዋለሁ።»

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ኮምቦ ሰሌኑን በብብቱ ይዞ መጣ። የመንደሩ ሼህ ናቸው ከቤት ያስወጡት። «ላሊን ራሴ ሰግጄበታለሁ፣ መሞቱን አውቃለሁ። ግን ሁለት መንግሥት በሕይወት አለ እያለ የሰው ሚስት ቤት ተቀመጥ ልልህ አልችልም። እስኪጣራ ሌላ ቦታ እደር» ብለውታል።

«ሌላ ቦታ ብዬ የመረጥኩት አንተ ጋ ነው» አለ ኮምቦ፣ ሰሌኑን ከጠረጴዛው ሥር እየዘረጋ። «በሞተ ሰው ከቤቴ ተባረርኩ። በሕይወት ያለ ቢሆን እኮ ቢያንስ እማታው ነበር።»

ቼንጎ ሊያጽናናው ፈልጎ ቃል አጣ። ወጥቶ ወደ መቃብሩ ሄደ። አሸዋው ላይ ፍየል ተኝታለች። ለአንድ አፍታ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ እሱም ተጠራጠረ። ሳተላይት አላቸው እኮ፤ ያለ ነገር እንዲህ ይላሉ? ወዲያው በራሱ አፈረና ፍየሏን አባረራት።

ሲመለስ ኮምቦ ስልክ እያወራ ነበር። ቼንጎ ስልኩን አየና ክው አለ። «ይሄ የላሊ ስልክ አይደለም?»

«ሙዋናሻ ናት የሰጠችኝ። ቁጥሩም የሱ ነው፤ ምነው?»

«ይዘኸው የት ሄደህ ነበር?»

«ባለፈው ሳምንት ሶማሊያ፣ ኪስማዮ አጠገብ ሞተር የተበላሸበት ጀልባ ነበር፣ ልጠግን ሄድኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ቤቴ እመጣለሁ ብዬ ከዚያ ደወልኩላት፤ መጣሁም።»

ቼንጎ ጮቤ ረገጠ። ነገሩ ሁሉ ይኸው፤ በላሊ ቁጥር ሲደወል ሰምተው ነው! እየሮጠ ሄዶ ለኢንስፔክተሩ አስረዳው። ኢንስፔክተሩም ተደሰተ፤ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገለትና ለወዳጆቹ ላከ። መልሱ ከመቼውም ይልቅ ፈጥኖ መጣ። ስልኩ የላሊ ነው፤ ቤቱ የላሊ ነው፤ ሚስቲቱ የላሊ ናት፤ እንግዲህ ሰውየው ላሊ ነው።

«ጌታዬ፣ ኮምቦ አጭር ነው!» አለ ቼንጎ እየተርበተበተ። «ላሊ ረጅም ነበር!»

«ይህንንም ልላክላቸው?»

ቼንጎ ምን ብለው እንደሚመልሱ ገባው።

ኮምቦን አስረው ጀልባው ላይ ሲጭኑት ሙዋናሻ እስከ ወገቧ ባሕር ውስጥ ገብታ ጮኸች። «ባሌን መልሱልኝ!»

«የትኛውን?» አለ ኢንስፔክተሩ፣ በእውነት ግራ ተጋብቶ።

ከዚያ በኋላ ሙዋናሻ ለቼንጎ ሰላምታ ነፈገችው። መንደሩም እሱ ሲመጣ ወሬ ያቆም ጀመር። አልፈረደባቸውም። አፉን ቢዘጋ ኖሮ ኮምቦ እስካሁን ከጠረጴዛው ሥር እያንኮራፋ ነበር። ሁለቴ ሞምባሳ ድረስ ሄዶ ጠየቀ፤ ሁለቴም «ኮምቦ የሚባል እስረኛ የለንም» ተባለ።

ዝናቡ ሲገባ ኢንስፔክተሩ ደወለ።

«ሳጅን፣ ጉድ ተፈጠረ። ሌላ ወዳጅ መንግሥት፣ ከመጀመሪያው የሚበልጥ፣ ላሊን ባለፈው ሳምንት ካራቺ ገበያ ውስጥ አየነው ይላል። የኛው ደግሞ ያኔ እጃችን ላይ ነበር።»

«ግን ጌታዬ፣ ላሊ እኮ ሞ…» አለና ቼንጎ ቃሉን ዋጠው። «ያዩት ሰው ምን ይመስላል?»

«ረጅም ነው ይላሉ።»

«እሱ ነው!» ብሎ ጮኸ ቼንጎ። «ላሊ ማለት እሱ ነው! እግዚአብሔር ይስጣቸው!»

ኮምቦን በሳምንቱ ለቀቁት። ከስቶ፣ የማያውቀውን ሰው ሸሚዝ ለብሶ ከጀልባ ወረደ። ሼሁም በካራቺ ነገር ራሳቸውን ቢያዞራቸው፣ «በቃኝ፣ እኔ የቀበርኩትን አውቃለሁ፤ ሂድና ቤትህ ግባ» አሉት። ሙዋናሻ በኮኮናት የተሠራ ዓሣ አቀረበች፤ ቼንጎንም ጠራችው። መጥራቷ ብቻ አስለቀሰው።

«ኮምቦ ነኝ ስል ይመቱኛል» አለ ኮምቦ፣ አጥንት እየመጠጠ። «አንድ ቀን መረረኝና ላሊ ነኝ አልኳቸው። ሻይ መጣ። ፍራሽም ጨመሩልኝ። ከዚያ በኋላ ምን ልበልህ፣ ላሊ ሆኜ ኖርኩ።»

ሙዋናሻ ዓሣውን ደገመችለት። «ሁለተኛ የሱን ስልክ ትነካና!»

ትንሽ በሉ። ከዚያ ኮምቦ እጁን ከሰሃኑ አነሳና ቼንጎን አየው።

«ሳጅን፣ ያ ካራቺ ያዩት ረጅም ሰውዬ ግን፣ ማን ይሆን?»

ቼንጎ «እሱ ነው!» ብሎ በስልክ የጮኸው ትዝ አለው፤ ያነሳውን ጉርሻ ሰሃኑ ላይ መለሰ። ሙዋናሻ ውሃ ቀድታ ሰጠችው። ጠጣ፣ ጉርሻውን ግን መልሶ አላነሳም።