ሊቀመንበሩ በልጄ የተማመኑ ዕለት

ልጄ ክላይቭ አሥራ ሰባት ዓመት ኳስ ተጫውቷል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጨዋታ ተሰልፎ ሦስት ጎል አግብቷል፤ ከሦስቱ ሁለቱ የገቡት በገዛ ቡድኑ ላይ ነው። ሦስተኛዋን አላየኋትም። ኳስ ወደ እሱ በመጣች ቁጥር ዓይኔን የመጨፈን ልማድ ነበረኝ።

ምን ላድርግ? ተከላካይ ነበር። የተከላካይ ሥራ ሰው እየሮጠ ሲመጣ መንገድ ላይ መቆም ነው። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ሰው ሲመጣ ገለል በል ብዬ ነው ያሳደግኩት። ሕዝቡ “ኡ!” ሲል ዓይኔን እንደጨፈንኩ ጎረቤቴን አይሪስን በክርኔ እነካታለሁ።

“ወደቀ?”

“ወድቋል።”

“ወይኔ ልጄን!”

“የወደቀው ሌላው ነው ዊኒ። ያንቺማ ቆሞ ዳኛውን ምን አደረግኩ እያለ ነው።”

በሠላሳ አራት ዓመቱ ጉልበቱ እምቢ አለውና ጫማውን ሰቀለ። ጥቂት ዓመት ታዳጊዎችን አሠለጠነ፤ ከዚያ የከተማችን ክለብ ሃድሊ ታውን አሰልጣኙን ሲያባርር ቦታውን ለእሱ ሰጠው። የዚያን ዕለት እፎይ አልኩ። ከእንግዲህ ወፍራም ካፖርት ለብሶ መስመሩ ዳር ይቆማል፤ ማንም እግሩን አይመታውም።

ተሳስቼ ነበር። ተጫዋች የሚመታው እግሩን ብቻ ነው። አሰልጣኝን ግን አራት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ይመታዋል፤ የተረፈው ደግሞ ለእናቱ ይደርሳታል። ሥጋ ሻጩ ሚስተር ፖግሰን ቋሊማዬን እየመዘነ፣ “ወይዘሮ ሃርግሪቭ፣ ልጅዎ አምስት ተከላካይ የሚያሰልፈው ማንን ፈርቶ ነው?” ይለኛል። ቄሱ እንኳ ከቅዳሴ በኋላ እጄን ጨብጠው፣ ስለ ነፍሴ ይጠይቁኛል ስል ስለ ግራ መስመር ጠየቁኝ።

በዚህ ዓመት ደግሞ ነገሩ ከፋ። አሥራ አንድ ጨዋታ ሳናሸንፍ ቆየን። በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ከእኛ በታች ያለው አንድ ቡድን ብቻ ነበር። ክላይቭ ከስቷል፤ እኔ ቤት ሲመጣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ማንኪያውን ያዞራል። “ያባርሩኛል” አይልም፤ እኔም አልጠይቅም። ሁለታችንም ግን ሌላ የምናስበው ነገር አልነበረንም። ልጁ ከኳስ ሌላ ሥራ አያውቅም። አንዴ መደርደሪያ ሰቅሎልኝ ነበር፤ ከነሳህኑ ወረደ።

እናም ሐሙስ ጠዋት ጋዜጣው መጣ። ከጀርባ ገጽ ላይ የክላይቭ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ የክለቡ ሊቀመንበር የሚስተር ዴንቢ ቃል። “በክላይቭ ሃርግሪቭ ሙሉ በሙሉ እተማመናለሁ። አሰልጣኛችን እሱ ነው፤ ከእኛ ጋር ይቀጥላል” ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ ፎቶውን ሳምኩትና ከንፈሬ ቀለም ሆነ።

ወዲያው ለክላይቭ ደወልኩ።

“አየኸው ልጄ? እንኳን ደስ አለህ!”

ትንሽ ዝም አለ። “አዎ እማ። አየሁት። ደስ ይላል” አለ።

ያን ዕለት አይሪስ ልጇ ዘንድ ሄዳ ነበር። ቤቷ ብትሆን ኖሮ የሆነው ሁሉ ባልሆነ። የማማክረው ሰው ስላጣሁ ኬክ ጋገርኩ። የዝንጅብል ኬክ፣ ሞላሰስ የሚሉት ጥቁር የስኳር ዝቃጭ ያለበት፣ ለሠርግም ለለቅሶም የሚሆን። አርብ ጠዋት በጨርቅ ጠቅልዬ ሚስተር ዴንቢን ላመሰግን ወጣሁ።

መንገድ ላይ ሚስተር ፖግሰን ከነሽርጡ ከሱቁ ወጣ። ቆቡን አወለቀልኝ።

“ወይዘሮ ሃርግሪቭ፣ ጋዜጣውን አየነው። ምን ይባላል እንግዲህ። በርቱ።”

“አመሰግናለሁ! ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም!”

አፉን ከፍቶ ቀረ። የአውቶቡሱ ሾፌር ደግሞ አላስከፍልም አለኝ። “ዛሬስ ከእርስዎ አልቀበልም” ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከተማው ሁሉ እንዲህ ይወደን ኖሯል እንዴ ብዬ ገረመኝ።

ሚስተር ዴንቢ ምንጣፍ ነጋዴ ናቸው። ሚስታቸው በሩን ከፍተው እኔን ሲያዩ መልሰው ሊዘጉት ምንም አልቀራቸው፤ ነገር ግን ኬኩን ቀድሜ አስገብቼው ነበር። ሳሎን ውስጥ ሚስተር ዴንቢ አንድ እንግዳ ይዘው ተቀምጠዋል። እኛ በጥር ብርድ ስንገረጣ የእሱን ፊት የሩቅ አገር ፀሐይ መትቶታል። አወቅኩት። ዴዝ ክራድክ ነው፤ ሰባት ክለብ ያሠለጠነው፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚወጣው። ሊጠይቃቸው የመጣ መሰለኝ።

“አልቆይም” አልኩ። “ሚስተር ዴንቢ፣ እኔ የተማርኩ ተናጋሪ አይደለሁም። ልጄን ሰው ሁሉ ሲተወው እርስዎ አልተዉትም። ይኼን ለማለት ነው የመጣሁት።” ብዬ ቢላዋ ጠየቅኩ።

ሚስተር ዴንቢ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደዋጡ ትን አላቸው። ክራድክ ግን ያለችግር በላ፤ ሁለተኛም ጨመረ። ከዚያ ሳህኑን አስቀምጦ አየኝ።

“እናቴ፣ ጋዜጣውን አንብበው ነው የመጡት?”

“አዎ።”

“ለእኔም እንደዚያ ተጽፎልኛል። አራት ጊዜ።”

“አራት ጊዜ! እንኳን ደስ አለህ ልጄ!”

“አራቱንም ጊዜ በሳምንቱ ተባርሬያለሁ።”

እኔ ሳቅኩ። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

“በእኛ ሥራ ልማዱ ነው” አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ሊቀመንበር ዝም ካለ ደህና ነህ። ጋዜጣ ላይ ወጥቶ እተማመንበታለሁ ካለ ግን መሳቢያህን ባዶ ማድረግ ትጀምራለህ። ከልጅዎ በፊት የነበረው አሰልጣኝም ተጽፎለት ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውም።”

ያን ጊዜ ሁሉም ተገጣጠመልኝ። የሚስተር ፖግሰን ቆብ። አውቶቡሱ። ስልክ ላይ ዝም ያለው ልጄ፤ ሁሉን እያወቀ ‘ደስ ይላል እማ’ ያለኝ። ይኼ ክራድክ ደግሞ ለምን እዚህ ሳሎን ውስጥ እንደተቀመጠ። የልጄን ወንበር ለሚወስድ ሰው ሁለት ቁራጭ ኬክ አብልቻለሁ።

ወደ ሚስተር ዴንቢ ዞርኩ። ምንጣፋቸውን ያያሉ። ሊሸጡት እንኳ እንደዚያ አተኩረው አይተውት አያውቁም።

“ሰኞ ነበር ያሰብኩት” አሉ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ልለምናቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ክላይቭ ቢሰማ ምን ይላል? ዋጥኩት።

“ያስወጡት” አልኩ። “ክለቡ የእርስዎ ነው። ግን ፊት ለፊት ይንገሩት። ዛሬ ይንገሩት። ሰው እንዴት በምስጋና ይባረራል?”

“ወይዘሮ ሃርግሪቭ፣ ነገ እኮ ጨዋታ አለ። ቡድኑ ይረበሻል።”

“ከዚህ በላይ ምኑ ይረበሻል?” አለ ክራድክ፣ ሦስተኛውን ቁራጭ እያነሳ።

ሚስተር ዴንቢ ተነስተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ሲደውሉ ይሰማኛል። “ክላይቭ? በግልጽ ልንገርህ። ነገ ብራምወርዝን ካላሸነፍክ ሥራህ አብቅቷል።... አዎ።... ማን ገፋፍቶኝ? እናትህ።... እዚሁ ናቸው።... ኬክ።... የዝንጅብል።”

ተመልሰው ሲገቡ ፊታቸው ቀልቷል። “ሳቀ” አሉ። “ስነግረው ሳቀ።”

ከሰዓት በኋላ ክላይቭ ቤቴ መጣ። በሩ ላይ ሳቁ አልነበረም።

“እማ፣ ሊቀመንበሩ ቤት ኬክ ይዘሽ ሄድሽ?”

“ላመሰግን ነው እንጂ...”

“ደጋፊው ከሰማ አለቀልኝ። ለማን ተናገርሽ?”

“ለማንም። ለአይሪስ ብቻ፣ ከልጇ ቤት ስትመለስ።”

“ለአይሪስ!” ራሱን ያዘ። “ወሬው እስካሁን ማንችስተር ደርሷል በይኛ።”

“አንተስ ለምን አልነገርከኝም?”

“እንዳትጨነቂ ነዋ።”

“እኔ ሳልጨነቅ የዋልኩበትን አንድ ቀን ንገረኝ እስቲ።”

ሊናደድ ፈልጎ ሳቁ አመለጠው። ተቀመጠ። ሻይ ቀዳሁለት፤ ማንኪያውን ሳያዞር ጠጣው። ቀስ ብዬ፣ “ሥጋ ሻጩ ግን ተከላካይ ታበዛለህ ይላል” አልኩት።

“ሥጋ ሻጩ ስንት ጨዋታ ተጫውቷል?”

“አንድም። ግን ልክ ነው?”

ሲኒውን አስቀመጠ። “ልክ ነው” አለ። “እንዳልባረር ብዬ ነው እማ። በየሳምንቱ የማሰልፈው እንዳልሸነፍ ነው። አሁን ግን የምፈራው ነገር መጥቶ ፊቴ ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ ምን እቆጥባለሁ?”

ቅዳሜ ሜዳው ስንደርስ ወሬው ማንችስተር መድረሱን እንጃ፣ ከግቡ ጀርባ ቆሞ የሚያየው ሕዝብ ጋ ግን ደርሷል። “ኬ-ክ! ኬ-ክ!” እያሉ ይዘምራሉ። ክላይቭ ወጥቶ ሲያጨበጭቡለት አንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ የአሰላለፉ ዝርዝር በድምፅ ማጉያ ተነበበ፤ ሦስት ተከላካይ፣ አራት አጥቂ። ሚስተር ፖግሰን ከኋላዬ፣ “ኧረ ሰውዬው አብዷል!” አለ፤ በደስታ።

እኔም ለራሴ ቃል ገባሁ። ዛሬ ዓይኔን አልጨፍንም።

ብጨፍን ይሻለኝ ነበር። በዐሥር ደቂቃ ሁለት ጎል ገባብን። ከዚያ አንድ አገባን። ከዚያ ሁለት ለሁለት ሆነ፤ አይሪስ ባርኔጣዋን ወርውራ አላገኘችውም። በዕረፍት ሰዓት ሦስት ለሁለት እየመራን ነበር፤ በሻይ ወረፋው ላይ የማያውቀኝ ሰውዬ አቀፈኝ። ሲመለሱ ሦስት ለሦስት፣ ቆይቶ አራት ለሦስት፣ ከዚያ አራት ለአራት። ክላይቭ ካፖርቱን አውልቆ መሬት ላይ ጥሎታል። አንዱ ተከላካይ ዞሮ “ልመለስ?” ሲለው፣ “ወደ ፊት! ወደ ፊት!” ይለዋል። ይህ ልጅ የእኔ ልጅ ነው? መንገድ ላይ ገለል በል ያልኩት?

በመጨረሻው ደቂቃ ሁሉም ወደ ፊት እንደሄዱ ብራምወርዞች ኳሷን ነጠቁ። በእኛ የሜዳ ክልል ከግብ ጠባቂው በቀር ሰው አልነበረም። አየሁት። እስከ መጨረሻው አየሁት። አምስት ለአራት።

ፊሽካው ተነፋ። ካላሸነፈ ተብሏል፤ አላሸነፈም። ሕዝቡ ግን ቆሞ ቀረ። ማንም አልሄደም። ያጨበጭባሉ፣ ስሙን ይጠራሉ፣ ሚስተር ፖግሰን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይጠርጋል።

ሚስተር ዴንቢ ከክብር ወንበራቸው ወርደው በሰው መሐል እየተጋፉ ወደ እኔ መጡ። ክራባታቸው ወደ ጎን ዞሯል።

“ወይዘሮ ሃርግሪቭ፣ ተሸንፈናል።”

“አይቻለሁ።”

“ካላሸነፈ ብዬ ነበር።”

“በጆሮዬ ሰምቻለሁ።”

“ሃያ ሁለት ዓመት ሊቀመንበር ሆኜ አንድም ጨዋታ ሳላንቀላፋ ጨርሼ አላውቅም። ዛሬ ጨረስኩ። ክራድክን ምን ይመስልሃል ብዬ ብጠይቀው፣ ‘ቡድኑን እኔ ብይዘው ሰዉ ተመልሶ ይተኛል’ ብሎኝ ሄደ።” ዙሪያቸውን ተመለከቱ። “ዛሬ ልጅዎን ባባርር ደግሞ በዚህ ከተማ ማን ምንጣፍ ይገዛኛል?”

“እንግዲያው ይቀጥላል ማለት ነው?”

“ማክሰኞ ሌላ ጨዋታ አለ። ማክሰኞን ያሠልጥን።”

“ከማክሰኞ በኋላስ?”

“ከማክሰኞ በኋላ ማክሰኞ እንነጋገራለን።”

“ፊት ለፊት?”

“ፊት ለፊት” አሉ፤ እጃቸውን ሰጡኝ፤ ጨበጥኳቸው።

ክላይቭ ከሜዳው መሐል እኛን ያያል። ጭቃ የሆኑ ተጫዋቾቹ ዙሪያውን ሣሩ ላይ ተዘርረዋል። ሊመጣ አልደፈረም፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ‘ምን አሉ?’ ብሎ ጠየቀኝ።

“ማክሰኞ!” ብዬ ጮህኩ።

አልሰማሁም ብሎ ጆሮውን ያዘ።

“እስከ ማክሰኞ አለህ!” አለች አይሪስ፤ እሷ ስትጮህ ብራምወርዝ ድረስ ይሰማል።

ልጄ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ያዘ፤ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር። ቀና ሲል ግን ወደ ተዘረሩት ልጆች ዞሮ አጨበጨበ።

“ተነሱ! ነገ ሦስት ሰዓት ልምምድ አለ!”

ልጆቹ የመለሱለትን እዚህ ላይ ልጽፈው አልችልም።