ዘጠነኛ ክፍል ያወጣላት ስም

እኔ ነገር ካልገባኝ እህል አይዋጥልኝም። ጎረቤቴ ናስትሆ «ለተሥላሴ፣ አንቺ ነርስ ሳይሆን መርማሪ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ጅግጅጋ ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ የጨርቅ ሱቋ ደጃፍ እየተቀመጥኩ ያልጠየቅኳት ነገር የለም። እኔን ግን ማንም እንዲጠይቀኝ የማልፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የልጄ የሶልያና እግር።

ሶልያና ከተወለደች ጀምሮ ቀኝ እግሯ ከግራው ያጥራል። ቤታችን ውስጥ ይህ ወሬ አይነሳም። ጫማዋን ስገዛ እንኳ «ያ ነገር» ብዬ ነው የማልፈው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከመንግሥት ሠራተኞችና ከወታደሮች ልጆች ጋር በአማርኛው ክፍል ስትማር አንድም ልጅ ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። ጨዋ ልጆች ነበሩ። እሷ ግን ደወል ሲደወል ሁሉም ወጥተው እስኪያልቁ ቁጭ ትልና መጨረሻ ላይ ብቻዋን ትወጣለች። ስትራመድ እንዳትታይ ነው። እኔም በር ላይ እየጠበቅኩ ዝም እላለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርቱ ለሁሉም በእንግሊዝኛ ስለሆነ በሶማልኛ የተማሩትና በአማርኛ የተማሩት ባንድ ክፍል ተቀላቀሉ። በ2016 መስከረም ነው። የጅምላ ነጋዴው ልጅ፣ በድርቁ ከብቱ አልቆበት ከተማ የገባው ሰው ልጅ፣ የከሰል ሻጯ ልጅና የእኔ ልጅ ባንድ ጣሪያ ሥር። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። ሐረር ያለችው እህቴ «ነገሩ ካላማረሽ እኔ ጋ ላኪያት» ብላኝ ነበርና ይህን በልቤ ያዝኩ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኔ ጉድ ግን ጥቅምት ድረስ ቆየ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሴት ልጆች በራችን ላይ ቆመው «ላንጋሬ! ላንጋሬ!» እያሉ ተጣሩ። ሶልያና ከጓዳ ብድግ አለች።

«ማንን ነው የሚጠሩት?»

«እኔን።»

«ምን ማለት ነው?»

«እንዲሁ ስም ነው፣ እማዬ» ብላኝ ወጣች።

እንዲሁ ስም! ይህ መልስ ለእኔ ይበቃል? ነጠላዬን ጣል አድርጌ ናስትሆ ሱቅ ደረስኩ። ለደንበኛ ጨርቅ በክንዷ ትለካ ነበር።

«አንካሳ ማለት ነው» አለችኝ፣ መለካቷን ሳታቆም።

ደሜ ፈላ። «ልጄን? በራፌ ድረስ መጥተው?»

«አባዮ፣ እህቴ፣ ምን ሆንሽ? እግሯ አጭር አይደለም እንዴ?» አለች ከልቧ ተገርማ። ደህና ዋይ እንኳ ሳልላት ሄድኩ።

ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ዐብዲረዛቅ ይባላሉ፤ ራሳቸው ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። «የልጄን መልቀቂያ ይስጡኝ፤ ሐረር ልወስዳት ነው» አልኳቸው። ምክንያቱን ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ የግቢው ሻይ አፍዪ በሩን ገፋ አድርጋ «ቢዳር! ሻይ ላምጣ?» አለች።

«አምጪ፤ ለሲስተርም ጨምሪ።»

እንደዚያ ተናድጄም ቢሆን አልቻልኩም። «ቢዳር ማን ነው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ። ራሰ በራ ማለት ነው።»

«ፊት ለፊት እንዲህ ይባላል?»

«ታዲያ ከኋላዬ ይበሉኝ? እሱ ሐሜት ነው።» መላጣቸውን ዳበስ አደረጉ። «ሲስተር፣ እዚህ ከተማ ዐብዲረዛቅ ብለው ቢጠይቁ ስንቱን ያሳዩዎታል። ቢዳር ካሉ ግን እኔ ጋ ያመጡዎታል።»

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። እሷ ልጅ ናት፣ ይከፋታል።»

«ከፍቷት እንደሆነ ጠይቀዋታል?»

«አልጠየቅኳትም» አልኩ። ልጆቹ ሲጠሯት ብቻ ነው የሰማሁት። እሳቸውም አብራት የምትቀመጠውን ዐምራንን አስጠሩ። ቀጭን፣ መልኳ ፈካ ያለ ልጅ ናት። ስታየኝ ደነገጠች።

«ኤዶ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው።

«ምንም። ሁላችሁም እንዲህ ያለ ስም አላችሁ?»

«አዎ። እኔ ዐደይ ነኝ፣ ቀይ ማለት ነው። ማሃድ ጋብ ነው፣ አጭር።» ማሃድ የጅምላ ነጋዴው ልጅ ነው፤ ሀብቱም ከዚህ ስም አላዳነውም።

«ናሁሰናይስ?» አልኩ። ከሶልያና ጋር ከአማርኛው ክፍል የመጣ የወታደር ልጅ ነው፤ አንድ ዓይኑ ሸውረር ይላል።

«ናሁሰናይ ናሁሰናይ ነው።»

«ለምን? ዓይኑን አላያችሁትም?»

«አይተናል። ግን ከእኛ ጋር አይጫወትም፣ ብቻውን ነው። ለማናውቀው ሰው ስም አናወጣም፤ ነውር ነው።»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ዐምራን የሻርፏን ጫፍ እያፍተለተለች ቀጠለች። «ሶልያናም መጀመሪያ ስም አልነበራትም። የእናንተ ልጆች ስለ አካላቸው ሲወራ ያለቅሳሉ ብለን ፈራን። አንድ ቀን እሷ ራሷ ‹ለእኔ ለምን አታወጡልኝም? እግሬ አይታያችሁም?› አለችን። ከዚያ በኋላ ነው።»

ዕንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ጨዋ ልጅ፣ እኔም ጭምር፣ ስንት ዓመት ሙሉ ዓይናችንን ከእግሯ ላይ ስንመልስ እሷ ስንመልስ ታየን ነበር ማለት ነው።

ዐምራን ወጣች። «እንግዲህ መልቀቂያውን ላዘጋጅ?» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ።

«መጀመሪያ ሻዩን ልጠጣ» አልኳቸው። ሳቁ።

የእረፍት ደወል ሲደወል ሜዳው ዳር ቆምኩ። ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ። ሶልያና መሃላቸው ነበረች፤ ወደ አንድ ጎን ዘንበል እያለች፣ እያወራች፣ አንዷን በክርኗ እየገፋች። ልጄ በሰው መሃል ስትራመድ ያኔ ገና ማየቴ ነው።

«ሶልያና!» ብዬ ተጣራሁ። በዚያ ሁካታ አልሰማችኝም። ደገምኩ፤ ማንም ዞር አላለም።

ከዚያ «ላንጋሬ!» አልኩ።

እሷም፣ አብረዋት ያሉትም ዞሩ። እኔ መሆኔን ስታይ ደርቃ ቀረች፤ ከዚያ ሜዳውን አቋርጣ፣ ሁሉም እያዩዋት፣ ወደ እኔ መጣች። ተቆጥቼ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን አጥብቃ ታየኛለች።

ሐረርን አላነሳሁባትም። ስለ ሰው ሁሉ ስጠይቅ ኖሬ አንድም ቀን ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት።

«እግርሽን ያምሻል?»

«ጠዋት ጠዋት፣ ሲበርድ» አለችኝ።

ነርስ ነኝ፣ እናቷም ነኝ። አላውቅም ነበር።